መገናኛ ተጨናንቋል አሉን

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አርሲ ሮቤ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ቁርሱን ለሚጠብቅ ሰው «ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት የሚወስደው መንገድ ተጨናንቋል፤ አሽከርካሪዎች አማራጭ መንገድ ተጠቀሙ» ብሎ መንገር ምን ይባላል? ሬዲዮዎቹ በየማለዳው ይነግሩናል። ሰሚው አሽከርካሪ አይደለም፤ ቢሆንም የሚነዳው ጋሪ ነው። መገናኛን ካየ ዓመታት አልፈዋል። የሻይ ቤቷ ሪሲቨር ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ኋላ የተደረደሩትን ሬዲዮዎች ይይዛል፤ ባለቤቷ ደግሞ ሥዕል ካለ ሰው በአንድ ሻይ ተቀምጦ ይውላል ብላ ስለምታምን ሬዲዮውን ትከፍታለች። በዚህ ዓይነት የአዲስ አበባን መንገድ ከታክሲ ረዳት እኩል ዐወቅነው። ሳር ቤት የትራፊክ መብራት ሲበላሽ እንሰማለን፤ ጎሮ ላይ መኪና ሲጋጭ እንሰማለን። ከሻይ ቤቷ በር ፊት ለፊት፣ ወደ ገበያው መታጠፊያ ላይ፣ ስንዴ የጫነ አይሱዙ ከሌሊት ጀምሮ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገዱን ዘግቶት የዋለ ዕለት ግን ማንም ምንም አላለንም። እርስ በርሳችን ተነጋገርንና አበቃ።

ጣቢያስ ሞልቷል። ሞልቶ ተርፏል። የቸገረን ጣቢያ በበዛ ቁጥር እኛ ጋ የሚደርሰው እየሳሳ መሄዱ ነው። ይህን ስናገር ልጆቹ «ሽማግሌ የድሮ ነገር ይወዳል» ይሉኛል። ይበሉ።

ሬዲዮ በአገራችን ሥራ የጀመረው አቃቂ ላይ ነው። በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ የፋሺስት ጦር ድንበር ላይ ሲሰለፍ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አቤቱታቸውን ለዓለም ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ነበር። ጊዜው የጭንቅ ነበርና ወሬው ለሩቅ ሰው መሆኑ ተገቢ ነው፤ ልማዱ ግን በዚያው ሳይለቅ ቀረ ብዬ አንዳንዴ እጠረጥራለሁ። በየካቲት 1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ መናገር ሲጀምር ድምፁ አፍሪካን አልፎ እስያ ድረስ ይሰማ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ባለቤት ይለዋወጣል፣ ዜማ ይለዋወጣል፣ የሚወደሰው ሰው ይለዋወጣል፤ ሞገዱ ግን ይደርሳል። አርሲ ደጋ ላይ በድንጋይ የሚሠራ አንድ ፊሊፕስ ያለው ቤት ማታ ማታ ዓለምን ቤቱ ያስገባ ነበር። ከሞቃዲሾ በኦሮምኛ ይመጣል። ከጀርመን በአማርኛ ይመጣል፤ የዶይቼ ቬለ አማርኛ ክፍል የተከፈተው በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ነው። ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከዋሽንግተን የአሜሪካ ድምፅ ተጨመረ። የተፈቀደውም የተከለከለውም እኩል ይሰማል፤ ልዩነቱ ለተከለከለው በር ይዘጋለታል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መካከለኛና አጭር ሞገድ ማታ ወደ ላይ ወጥቶ ከሰማዩ ጣሪያ ነጥሮ ይመለሳል፤ ተራራ ቢቆም ባይቆም ግድ የለውም። ድምፁ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይንሿሿል፤ ግን ይደርሳል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነብ ስንቱ ማንበብ የማይችል ሰው ልብ ወለዱን «አነበበ»! አሰላ አካባቢ ያደገው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ማግኘቱን የሰማው በሬዲዮ ነው። 1972 ዓ.ም. ነበር፤ ልጁ የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። ያን ዕለት ሬዲዮው ስለ መገናኛ መጨናነቅ እያወራ ቢሆን ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ኤፍ ኤም መጣ። ፋና በ1987 ዓ.ም. ሲጀምር ገና ሩቅ የሚሄደውን ሞገድ ይዞ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ተከፈተ፤ በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 በግል ባለቤትነት ተከተለ። ከዚያ ዛሚ፣ ብሥራት፣ ኢትዮ ኤፍ ኤም፣ አሐዱ እያለ የአዲስ አበባ አየር ሞላ። ድምፁ ጥርት አለ፣ ሙዚቃው አማረ፣ ጋዜጠኛው እየሳቀ ማውራት ጀመረ። አልዋሽም፣ እኛም ወደድነው። አዲስ አበባ በሄድን ቁጥር። መዓዛ ብሩ በ«የጨዋታ እንግዳ» አንድን ሰው ከልጅነቱ ጀምራ ሳምንታት እየቀጠለች ስታጫውተው የሰማ፣ ሬዲዮ ለወሬ ምን ያህል የተመቸ ነገር እንደሆነ ይገባዋል።

ኤፍ ኤም ግን ዓይን የሚያየውን ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። ማሠራጫው ፉሪ ተራራ ላይ ቆሞ አሻግሮ ያየው ይሰማል፤ ያላየው አይሰማም። ሮቤ ደግሞ ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ ከጭላሎና ከባዳ ጀርባ ናት። ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። አሰላ ላይ ሆኖ በጥሩ አንቴና አንዳንድ ነገር ይለቃቀማል፤ እኛ ግን ከተራራው ጥላ ውስጥ ነን። ከአዲስ አበባ በቅጥቅጥ የመጣ ሰው ያውቀዋል። እስከ አዳማ ሬዲዮው ይዘፍናል። ኢተያ ላይ መንተባተብ ይጀምራል። ወደ ዲክሲስ ሲታጠፍ ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የሬዲዮዋን ቁልፍ ይዞ ያሽከረክራል፤ ከኋላ አንዱ «ተዋት፣ ተዋት፣ እዚያው ተዋት!» ይላል፤ የመንደር ስም እንኳ ሳይሰማ ፍርጥ ይልና ሹሹሹ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ፍላሽ ተሰክቶ እስከ ሮቤ ያው ዘፈን ነው፤ ሾፌሩ የሚወደው ዘፈን አምስት ይሁን ስድስት እንጃ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ግን በቃሉ ይዞታል።

«ታዲያ መካከለኛ ሞገዱን ለምን አትሰማም?» ይለኛል ብልህ። እሰማለሁ እንጂ። ግን በየቤቱ የገባው ርካሽ አምፖልና የስልክ ቻርጀር መካከለኛ ሞገዱን እያንጫጫ አላሰማ አለ። የዜናው ሰዓት ሲደርስ አምፖል እናጠፋለን፤ ልጆቹ ይቆጣሉ፤ ቻርጀር እንነቅላለን፤ ይብስ ይቆጣሉ። መብራት ሲጠፋ ሬዲዮው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እንግዲህ በሮቤ የመብራት መጥፋት ካለው ጥቅም ይህ አንዱ ነው። ማታ በ3 ሰዓት የአሜሪካን ድምፅ ለመስማት የለመደው ደግሞ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጣቢያው ድንገት ጸጥ ሲልበት ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት ድንጋይ ቀይሯል። ዋሽንግተን ላይ ፊርማ ተፈርሞ አርሲ ላይ ድንጋይ ተገዛ።

አሁን ያሉት ጣቢያዎች ለዚህ ሁሉ ያላቸው መድኃኒት አንድ ነው፦ «በቴሌግራም ቻናላችን፣ በዩቲዩባችን፣ በፌስቡካችን ይከታተሉን።» ሬዲዮ የምንሰማው እኮ ዳታ ስለሌለን ነው! ኔትወርክ ያለው፣ ካርድ የሞላ፣ መብራት ያልጠፋበት ሰውማ ሬዲዮ ምን ያደርግለታል። ድሮ በተራ ስልክ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ኤፍ ኤም መስማት ይቻል ነበር፤ ልጆቻችን የሚገዙልን አዲሱ ስልክ ደግሞ ሬዲዮ የሚባል ነገር የለውም። ሦስት ካሜራ አለው።

ተሳክቶልን ስንሰማስ ምን እንሰማለን? ዜናው ስብሰባ ነው። የሆነ ቢሮ ከባለድርሻ አካላት ጋር መከረ፤ ኃላፊው ገለጹ፤ ተሳታፊዎቹ መድረኩ ግንዛቤ እንዳስጨበጣቸው ተናገሩ። ሰምተን ስናበቃ የምናውቀው ማን እንደተሰበሰበ ነው፤ ስለ ምን እንደተሰበሰበ የሚገልጸው ክፍል ምናልባት ማስታወቂያው ሲገባ አልፎናል። ከዜናው ቀጥሎ እግር ኳስ አለ። አርሰናል፣ ከዚያ ማንችስተር፣ ከዚያ አርሰናልና ማንችስተር። አራት ጎልማሳ አንድ የእንግሊዝ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱን ስላመመው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። የገዛ እናቱ እንዲያ አላዘነችም። በየመሃሉ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ይገባል፤ «በኃላፊነት ይወራረዱ» ይላል መጨረሻ ላይ፣ በፍጥነት፣ እንዳይሰማ። ሮቤ ውስጥ የሽንኩርት መግዣውን አወራርዶ የገባውን ልጅ እናት ግን ማንም ቀርቦ አላናገራትም።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት አላጣሁትም። ጣቢያ መብራት ይከፍላል፣ ደመወዝ ይከፍላል፣ ለፈቃድ ይከፍላል። ስለዚህ የአየር ሰዓቱን እየቆራረጠ «ተባባሪ አዘጋጅ» ለሚባሉት ይሸጣል። ተባባሪ አዘጋጁ ስፖንሰር ያፈላልጋል፤ ስፖንሰሩ ዕቃ የሚሸጠው አዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ ወሬው አዲስ አበባ ነው። ሮቤ ውስጥ ሳሙና የሚገዛ ሰው ድምፅ ለማንም አያስፈልግም፤ ሳሙናውን ግን ይፈልጋል። የሒሳቡ ነገር ይገባኛል። የሚገባኝ ነገር ሁሉ ደስ ይለኛል ማለት ግን አይደለም።

ጎረቤቴ አንድ ጊዜ ደወሉ። አዛውንት ናቸው፣ ከዚያ በፊት ወደ ሬዲዮ ደውለው አያውቁም። ጉዳዩ የገብስ ዋጋ ነበር፤ ዋጋው በወረደበት ሳምንት የአድማጮች አስተያየት ሰዓት ላይ ለመናገር ነው። መስመር ለማግኘት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሞከሩ። እኛ በረንዳቸው ላይ ተሰብስበን እንጠብቃለን። መስመሩ ገባ።

«ሄሎ! እሺ አድማጫችን፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን።»

ቀነሱ። እኛም ጭጭ አልን።

«ከየት ነው የሚደውሉት?»

«ከሮቤ።»

«ኦ! ባሌዎች! እንዴት ነው ባሌ?»

«እኛ የአርሲዎቹ ነን።»

«አዎ፣ አዎ! ለባሌ ሮቤ አድማጮቻችን ከፍ ያለ ሰላምታ! እሺ፣ ሐሳብዎን ባጭሩ…»

ባጭሩ መስመሩ ተቋረጠ። ጋዜጠኛው «መስመሩ ተቋርጧል፣ ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» አለ። ጎረቤቴ ስልኩን እያዩ «ባሌስ ደኅና ነው፣ ገብሱ ነው እንጂ» አሉ። ካርዱ አልቆ ነበር።

ይህ የባሌ ነገር የቆየ ቁስላችን ነው። ባሌ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫ እንኳ የቆመው እዚያ ነው። በአየር ትንበያ «ሮቤ» ሲባል ዝናቡ የእነሱ ነው። ወንድሞቻችን ናቸው፣ አንቀናባቸውም፣ ይዝነብላቸው። ግን እኛ ጃንጥላ ይዘን እንውጣ ወይስ እንተወው?

ሌላውን ሁሉ እተዋለሁ፤ የስንዴ ዋጉን ነገር ግን አልተወውም። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ የአርሲንና የባሌን ደጋ ሲያጥለቀልቅ የተመታው ኩብሳ የሚባለው የስንዴ ዝርያ ነበር። ገበሬው የሚያምነው እሱን ነበር፤ ምርት ይሰጣል፣ ገበያው ይወደዋል። ማሳው ከሩቅ ሲታይ የደረሰ ይመስል ነበር፤ ቀርቦ ቅጠሉን በጣቱ ያሸ ሰው እጁ ላይ ቢጫ ዱቄት ይቀርበታል። ከዚያ ቢጫ ዋግን ይችላል የተባለው ዲገሉ መጣ፤ ሁሉም ዲገሉ ዘራ። ብዙ አልቆየም፣ በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ ዲገሉን ራሱን ያዘው። ሁለቱም ጊዜ ነገሩ የቀናት ጉዳይ ነበር። ዋግ በነፋስ ነው የሚሄደው፤ ዛሬ ዲክሲስ ከታየ ሮቤ ለመድረስ አዋጅ አያስነግርም። መድኃኒቱ በጊዜው ካልተረጨ በኋላ ቢረጩት ገንዘብ መበተን ነው። የስንዴ ዕውቀት ያለው ቁሉምሳ ምርምር ማዕከል፣ አሰላ አፍንጫ ሥር ነው። ገበሬው ያለው ከተራራው ወዲህ ነው። በመካከል ተራራ ሲኖር ነገር የሚያሻግር መሣሪያ ከመቶ ዓመት በፊት ተፈልስፏል፤ ስሙ ሬዲዮ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ በሬ ከመጠመዱ በፊት፣ ሁለት ደቂቃ፦ «እዚህ ቀበሌ ዋግ ታይቷል፣ ማሳችሁን እዩ፣ ይህን ርጩ፣ በዚህ መጠን ርጩ።» በኦሮምኛ አንዴ፣ በአማርኛ አንዴ። ለዚህ ስፖንሰር ይጠፋል?

ሕጉ እንደሆነ አልከለከለንም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ከሕዝቡና ከንግዱ ጎን የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚባለውን ያውቃል፤ ለትርፍ ያልቆመ፣ የአካባቢው ሰው የሚያስተዳድረው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ከከፈተ ቆየ። ትንሽ ማሠራጫ፣ አንድ ምሰሶ፣ አንድ ክፍል፣ ጥቂት የሚከፈላቸውና ብዙ የማይከፈላቸው ሰዎች። ተራራ ያገደን ከውጭ የሚመጣውን ነው፤ እዚሁ ኮረብታ ላይ ምሰሶ ቢቆም ያው ተራራ ድምፁን አይውጥብንም። ይህን ሐሳብ በየቡናው ጠረጴዛ አንስተን እናውቃለን። ሁሌም ሁሉም ይስማማል። ሁሌም ኮሚቴ ይዋቀራል ይባላል። ኮሚቴው መቼ ይሰብሰብ በሚለው ላይ ስንወያይ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል፤ ከዚያ ሰው ወደ ቤቱ ነው።

ግን አንድ ቀን ይከፈታል እንበል። ፕሮግራሙን እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። ማለዳ 12 ሰዓት ዋግና ዝናብ፤ የእኛው ሮቤ ዝናብ። 12 ሰዓት ተኩል የስንዴና የገብስ ዋጋ፣ ሮቤ ስንት፣ ዲክሲስ ስንት፣ አሰላ ብቅል ፋብሪካ በር ላይ ስንት፣ አዳማ ስንት፤ ደላላው ከመድረሱ በፊት እንድንሰማ። 1 ሰዓት ላይ ለቅሶ፤ ማን ዐረፈ፣ ቀብሩ የት ነው። የእድር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው አርጅቷል፣ ጎረቤት መንደር ድረስ አይሰማም። ከዚያ የጠፋ በሬ፣ የተገኘ አህያ። ከዚያ መንገድ፤ የትኛው ጭቃ ውስጥ አይሱዙ ተቀርቅሯል። ከዚያ መብራት መቼ ይመጣል፤ ይህን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ በገዛ አፉ ይንገረን፣ ሳይገልጽ፣ ዝም ብሎ ይንገረን። ማታ አዛውንቶች ስለ ድሮ ያጫውታሉ፤ ረዥም፣ በየሳምንቱ የሚቀጥል፣ ማንም «ባጭሩ» ሳይላቸው። ጎረቤቴንም የገብሱን ነገር እስኪጨርሱ እናስጨርሳቸዋለን።

ይህ ሁሉ ሦስት ወር ይሄዳል። በአራተኛው ወር የመብራት ሒሳብ ይመጣል። ከአዲስ አበባ አንድ ጎበዝ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ይደርሳል፤ ተባባሪ አዘጋጅ ነኝ ይላል፤ ስፖንሰር አለኝ ይላል፤ ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ያለውን ይሰጡኛል ወይ ይላል። ኮሚቴው ይሰበሰባል። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ያነባሉ። ማንም ቀና ብሎ ማንንም አያይም። ዋጉና ዝናቡ ወደ ቀትር ይዛወራሉ፣ ለቅሶው ወደ ማታ። በማግሥቱ 12 ሰዓት ላይ፣ በሬ ከመጠመዱ በፊት፣ ሬዲዮ ሮቤ ጥርት ባለ ድምፅ ስለ አርሰናል ማውራት ይጀምራል።